የጠራ ውኃ ጠባቂ

የሰው ልጅ ከሚያከናውናቸው ተግባሮች መካከል ሲሠሩ የማይታዩ፣ ሳይሠሩ ሲቀሩ ግን ወዲያውኑ ዓይን ውስጥ የሚገቡ አሉ። የመንገድ ጠራጊው ሥራ ከነዚህ አንዱ ነው፤ የቤት እመቤቷም ሥራ እንዲሁ። የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ሥራ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የተሰወረ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው በሚገባ ሲከናወን በዋናተኛው ዓይንና በገንዳው ወለል መካከል አንዳች ነገር ያለ አይመስልም። ዋናተኛው ዘሎ ይገባል፤ ይዋኛል፤ ወጥቶ ልብሱን ይለብሳል። ውኃው ከተፈጥሮው እንዲህ የጠራ ሆኖ የተገኘ እንጂ አንድ ሰው ሌሊቱን አድሮበት ያጠራው መሆኑ አይታሰበውም። ይሁንና የቆመ ውኃ በራሱ ጠርቶ አይኖርም። ብርሃንና ሙቀት እስካለ ድረስ የቆመ ውኃ ነዋሪ አያጣም።

ሰው በአንድ ስፍራ የተጠራቀመን ውኃ ከብልሽት ለማዳን ሦስት ዓይነት ዘዴ ተጠቅሟል። የመጀመሪያው መሙላትና ማፍሰስ ነው። በጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የተጠለፈው ውኃ ወደ ገንዳው ይለቀቃል፤ ጥር 11 ቀን ማለዳ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል፤ በዓሉ ሲያልፍም ውኃው ይፈስሳል። ገንዳው አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደርቆ ስለሚቆይ ውኃው የሚበላሽበት ፋታ አያገኝም። ሁለተኛው ዘዴ ማሳለፍ ነው። በአዋሽ ሸለቆ እንደሚገኘው እንደ ሶደሬ ባለ የፍልውኃ ስፍራ ምንጩ ሌት ተቀን ስለሚፈልቅ አሮጌው ውኃ በአዲሱ እየተገፋ ይወጣል። ሦስተኛው ዘዴ ወንዝም ምንጭም በአጠገቡ ለሌለው ገንዳ የተገኘ ነው፤ ይኸውም ያንኑ አንዱን ውኃ እያዞሩ ደጋግሞ ማጥራት ነው። የዚህ የሦስተኛው ዘዴ ዋና መሣሪያ አሸዋ ነው።

አሸዋ ውኃን እንደሚያጠራ ለማወቅ የግድ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። የገጠር ሴት የደፈረሰውን ወንዝ ትታ በዳርቻው ያለውን አሸዋ ጫር ጫር አድርጋ፣ ከጉድጓዱ ቀስ እያለ የሚሞላውን ውኃ በቅል እየጨለፈች እንስራዋን የምትሞላው ይህንኑ ስለምታውቅ ነው። በከተማ ደረጃ ግን ዕውቀቱ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1804 በስኮትላንድ ፔዝሊ በምትባል ከተማ ጆን ጊብ የተባለ የጨርቅ ማንጫ ባለቤት ለሥራው የሚያስፈልገውን ውኃ በአሸዋ አጥርቶ የተረፈውን ለከተማው ሰው ይሸጥ ነበር። በ1829 ደግሞ ጄምስ ሲምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ለለንደኑ የቼልሲ ውኃ ኩባንያ ሰፊ የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ።

የአሸዋን ዋጋ በማያጠራጥር ሁኔታ ያስመሰከረው ግን የ1892ቱ የሐምቡርግ የኮሌራ ወረርሽኝ ነው። ሐምቡርግና አልቶና በዚያን ጊዜ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ወሰናቸውም መንገድ ብቻ የሆነ ሁለት የጀርመን ከተሞች ነበሩ። ሁለቱም የሚጠጡት የኤልበን ወንዝ ውኃ ነው። እንዲያውም አልቶና የሚቀዳው ከታች፣ የሐምቡርግ እድፍ ከተቀላቀለበት በኋላ ነበር። ይሁን እንጂ አልቶና ውኃውን በአሸዋ ያጣራ ነበር፤ ሐምቡርግ አያጣራም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው ሲያልቅ አልቶና በአብዛኛው ተረፈ። በአንዳንድ መንገዶች ላይ በሽታው በአንዱ ወገን ያሉትን ቤቶች እያንኳኳ ሲገባ በተቃራኒው ወገን ያሉትን አልፏቸው ሄደ። በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል የነበረው ልዩነት ሀብት ወይም ጸሎት ሳይሆን አሸዋ ነበር። ሐምቡርግም የጀመረችውን ማጣሪያ አጣድፋ በሚቀጥለው ዓመት በ1893 ሥራ ላይ አዋለች።

በዛሬዎቹ መዋኛ ገንዳዎች አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ማጣሪያ የዚያ አሸዋ የቅርብ ዘመድ ነው። ማጣሪያው ክብ ታንክ ሲሆን በውስጡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የታጠበ አሸዋ ይሞላበታል። ከሥሩ እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጉ፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ያላቸው ቧንቧዎች አሉ። ፓምፑ የገንዳውን ውኃ ስቦ ከላይ ይለቅበታል፤ ውኃው በአሸዋው መካከል ሲያልፍ እድፉን እየተወ ይወርድና በቧንቧዎቹ አድርጎ ወደ ገንዳው ይመለሳል። የሚያስገርመው ነገር አዲስ የታጠበ አሸዋ ጥቂት ካደፈ አሸዋ ያነሰ የማጥራት ችሎታ ያለው መሆኑ ነው። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የተያዘው እድፍ ራሱ ቀዳዳውን እያጠበበ የሚከተለውን እድፍ ለመያዝ ይረዳል። ነገር ግን ይህ ከልክ ሲያልፍ ውኃው መተላለፊያ ያጣል፤ ያን ጊዜ አሸዋው መታጠብ አለበት። ይህን ልክ ማወቅ ነው የገንዳ ጠባቂ ጥበብ።

በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ አንድ ሰው አሉ። ዋና አይችሉም። ከደጋ አገር የመጡ፣ በልጅነታቸው ወንዝ ሲሞላ ከዳር ቆመው የሚያዩ እንጂ የማይገቡ ነበሩ፤ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ብሂል ከእናታቸው ተምረዋል። የሚጠብቁት ገንዳ 25 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሲሆን 500 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። በየማለዳው ጎህ ሳይቀድ ወደ ፓምፑ ክፍል ይወርዳሉ፤ መብራት ከማብራታቸው በፊትም ጆሯቸውን ይጥላሉ። የፓምፑ ድምፅ ጤነኛ መሆኑን ከሰሙ በኋላ የግፊት መለኪያውን ያነባሉ። ማጣሪያው ታጥቦ ንጹሕ በሆነበት ቀን መለኪያው 0.8 ባር ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ 0.5 ባር ያህል ሲጨምር አሸዋው እድፍ እንደ ጠገበ ያውቃሉ። ይህንንም፣ የክሎሪኑንም፣ የፒኤቹንም ልክ ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ።

አሸዋው በሚታጠብበት ጊዜ የውኃው ጉዞ ይገለበጣል። ፓምፑ ይጠፋል፤ የማዞሪያው ቫልቭ እጀታ ወደ እጥበት ይዞራል፤ ፓምፑ እንደገና ይነሣል። ፓምፑ እየሠራ ቫልቩን ማዞር የውስጡን ጎማ ይቀዳል፤ ስለዚህ ለረዳታቸው መጀመሪያ ያስተማሩት ትምህርት ይኸው ነበር። ውኃው ከታች ወደ ላይ ሲነሣ አሸዋው እንደሚፈላ ገንፎ ይላወሳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የተያዘው እድፍ ተለቆ በማፍሰሻው ይወጣል። በመስታወቱ ማያ ቡናማ፣ ከዚያም ግራጫ፣ በመጨረሻም ንጹሕ ውኃ ሲያልፍ ይታያል። ይህ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ አሸዋው ተመልሶ እንዲረጋ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይለቀለቅና ማጣሪያው ወደ ዘወትር ሥራው ይመለሳል። አንድ እጥበት 4 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይፈጃል። ሰውየው ይህንንም አይጥሉትም፤ በጉድጓድ አጠራቅመው፣ ክሎሪኑ በፀሐይ እስኪበን ጠብቀው ለአትክልቱ ያጠጡታል።

በአንድ የክረምት ወር የኤሌክትሪክ መሥመሩ ተበላሽቶ ፓምፑ ለአራት ቀን ቆመ። በነዚያ ቀኖች ዝናሙ አቧራና ቅጠል እያጠበ ወደ ገንዳው አወረደ፤ በየመሐሉም ብርቱ ፀሐይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ወይቦ ታየ፤ በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ሆነ፤ ግድግዳው ሲነካ አሙለጨለጨ። ይህ አልጌ ወይም ዋቅላሚ የሚባለው፣ ሥርና ቅጠል ሳይኖረው እንደ ዕፅዋት ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ጥቃቅን ሕያው ነው። ዝናሙ ያወረደው አቧራ ፎስፌትና ናይትሬት ይዞለት ይመጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ጠላቱን ክሎሪንን ያተንንለታል። አልጌው በበኩሉ እያደገ በሄደ መጠን በውኃው ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚመገብ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ፒኤች ከፍ ሲል የተረፈው ክሎሪን ይዳከማል። ፒኤች 7.5 በሆነ ጊዜ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ በብርቱ የመግደል ኃይሉ ላይ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ግን ይህ ወደ ሩብ ዝቅ ይላል። እንዲህ ሆኖ አልጌ አንድ ጊዜ ከበረታ ለራሱ የሚመች አገር ይሠራል።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጥተው አዩና አዘኑ። እሑድ የሠርግ እንግዶች ይጠበቃሉ።

«ይፍሰስና በአዲስ ይሞላ» አሉ።

«ስንት ጀሪካን እንደሆነ አስበውታል?» ሲሉ ጠባቂው መለሱ። «ባለ 20 ሊትሩ 25,000 ጀሪካን ነው። ከአጥሩ ውጪ ያሉት ሰዎች በፈረቃ ነው የሚቀዱት። ይህን ሁሉ ውኃ ወደ ቱቦ ለቅቄ በመጡበት ሰዓት እንዴት አድርጌ በፊታቸው አልፋለሁ? አራት ቀን ይስጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ለውኃ የሚከፈለውን ሒሳብም ሳያሰሉ አልቀሩምና ፈቀዱ።

በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉና ጉድፉ በመረብ ተለቀመ። ግድግዳው፣ ማዕዘኑ፣ ከመሰላሉ ኋላ ያለው ጥላ ሁሉ በብሩሽ ተፈተገ። ግድግዳ ላይ የተጣበቀ አልጌ በሚያሙለጨልጭ ሽፋኑ ተከልሎ ስለሚኖር ሽፋኑ ካልተገፈፈ መድኃኒቱ አይደርሰውም። ቀጥሎም ፒኤቹ በአሲድ ወደ 7.2 ወረደ። አሲድ የሚጨመረው ውኃ ላይ ነው እንጂ ውኃ አሲድ ላይ አይጨመርም፤ አሲድና ክሎሪንም በአንድ ባልዲ፣ በአንድ መደርደሪያ እንኳ አይገናኙም፤ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ክሎሪኑ ተጨመረ። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ለማድረስ ለ500 ሜትር ኩብ ውኃ 5 ኪሎ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ 65 ከመቶ ብርታት ያለው ስለ ነበር 8 ኪሎ ግድም ተመዘነ። ይህም በማታ የሚደረገው በቀን ፀሐይ ክሎሪኑን ሳይሠራ ስለምትበላው ነው።

በማግሥቱ አረንጓዴው ጠፍቶ ውኃው አጓት መሰለ። ረዳቱ ደስ አለው።

«ጋሼ፣ አለቀኮ!»

«ሞተ እንጂ መች ወጣ?» አሉት። «ሬሳው ውኃው ውስጥ ነው። አሁን የአሸዋው ተራ ነው።»

በእርግጥም ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። የሞተ አልጌ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ብዙው በአሸዋው መካከል ሾልኮ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ስለዚህ ሰውየው ጥቂት አሉም በጠበጡና ጨመሩ፤ አሉም ደቃቁን ጉድፍ እርስ በርሱ እያያያዘ ያገዝፈዋል፤ የገዘፈውም በአሸዋው ይያዛል፣ ወይም ወደ ወለሉ ይዘቅጣል። ፓምፑ ሌት ተቀን ዞረ። መለኪያው በየጥቂት ሰዓቱ ከፍ አለ፤ ሁለቱም ታንኮች በነዚያ ቀኖች ስምንት ስምንት ጊዜ ታጠቡ። ወለል ላይ የዘቀጠው ዝቃጭ በመሳቢያ ቱቦ በቀጥታ ወደ ውጪ ተሳበ። በዚህ ሁሉ የወጣው ውኃ ከ70 ሜትር ኩብ አልበለጠም። ጠባቂውና ረዳቱ ተራ በተራ በፓምፑ ክፍል ደጃፍ በጆንያ ላይ አደሩ።

እሑድ ጠዋት ውኃው ከላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ሰማያዊነቱ ተመልሷል፤ ፀሐይ ያብለጨልጨዋል። በጥልቁ በኩል ያለው የወለል ማፍሰሻ ክዳን ግን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ አልፎ አልፎ ብቻ ይታይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹ ስለ ደረሱ ገንዳው ይከፈት አሉ።

«ክዳኑ አይታይም» አሉ ጠባቂው።

«ለክዳኑ ማን ግድ አለው? ሰው የሚዋኘው ከላይ ነው።»

«የሚሰጥመው ግን ከታች ነው። እኔ ዋና አልችልም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለኝ። ሕፃን ቢሰጥም በምን ላየው ነው? ይክፈቱት ካሉ ቁልፉ ይኸው፤ እኔ ግን አልከፍትም።»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁም አላነሡትም።

ይህ ግትርነት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2011 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፎል ሪቨር በተባለች ከተማ በሕዝብ መዋኛ ውስጥ ሰጥማ የሞተች አንዲት ሴት ውኃው ደፍርሶ ስለ ነበር አስከሬኗ ለሁለት ቀን ያህል ሳይታይ ቆይቷል። በነዚያ ቀኖች ገንዳው ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ ሰዎች ከላይ ይዋኙ ነበር። ከዚህ አሳዛኝ ነገር የምንረዳው የውኃ ጥራት የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። የወለሉ ማፍሰሻ በግልጽ ካልታየ ገንዳው ይዘጋ የሚለው ደንብ በብዙ አገሮች የጸናውም ስለዚሁ ነው።

የሀብትና የመሣሪያ ብዛትም ብቻውን ውኃን አያጠራም። በኦገስት 2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ፣ የዓለም ዓይን ባረፈበት ስፍራ፣ የጠላቂዎች መወዳደሪያ ገንዳ በአንድ ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። አዘጋጆቹ እንደ ገለጹት ምክንያቱ ከጥቂት ቀን በፊት 80 ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በስሕተት መጨመሩ ነበር። ፐርኦክሳይድም ክሎሪንም ለየብቻቸው ውኃን ያጸዳሉ፤ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። በአጠገቡ ያለው ሌላው ገንዳ ለውድድር እንዲደርስ ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ በአንድ ሌሊት መለወጥ ግድ ሆነ። በውድ መለኪያዎች መካከል የጠፋው፣ የተጨመረውን ሁሉ በእርሳስ የሚጽፍ አንድ ደብተር ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ በአዲስ አበባው ሆቴል ገንዳው የተከፈተው ሰኞ ዕለት ነበር። የሠርጉ እንግዶች ሄደዋል፤ ሠርጉም ያለ ዋና አልፏል። የመጀመሪያዎቹ ዋናተኞች የሠፈር ልጆች ነበሩ፤ የሰኞ መግቢያ ዋጋ ርካሽ ነውና። ከመካከላቸው አንዱ ጠልቆ የወለሉን ክዳን በእጁ ነክቶ ወጣ። ጠባቂው ከዳር ቆመው ልጁ ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተከተሉት።

አሸዋም ዕድሜ አለው። ለዓመታት እርስ በርሱ እየተፋተገ ሹል ጠርዙ ይደባልላል፤ ቅባትና ዝቃጭ እያጋገረው እንደ ኳስ ይድበለበላል፤ ውኃው በመካከሉ ጎርፍ እንደ ቀደደው መሬት ቦይ እያወጣ ሳይጣራ ያልፋል። ያን ጊዜ የመለኪያው ግፊት ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ያላወቀ ሰው ማጣሪያው ንጹሕ ነው ብሎ ይታለላል። ክረምቱ ሲያበቃ ሰውየው የአንዱን ታንክ ክዳን ፈትተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ሰደዱበት። የወጣው በእጃቸው ውስጥ እንደ ጭቃ ተጨብጦ ቀረ። አሸዋው ይለወጥ ተባለ፤ ለአንዱ ታንክ ብቻ ከ2 ቶን በላይ ነው። የከሰል አካፋ በምትመስል ትንሽ መዛቂያ፣ የሥሩን ቧንቧዎች እንዳይሰብሩ እየተጠነቀቁ ሁለት ቀን ሙሉ ዛቁ። አዲሱ አሸዋ ከመግባቱ በፊት፣ የወረደው አሸዋ ቧንቧዎቹን እንዳይቀጠቅጥ ታንኩ እስከ ወገቡ በውኃ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ አሸዋው በባልዲ በባልዲ ገባ።

ሥራው ሲያልቅ ሰውየው እጃቸውን ታጠቡና ደብተሩን ለረዳታቸው ሰጡት። ልጁ ፓምፑን አስነሣ፤ ቫልቩን አስቀድሞ አዙሮ፣ እንደ ተማረው። አሸዋው ታጠበ፤ ተለቀለቀ፤ ረጋ። መለኪያውን ጎንበስ ብሎ አነበበና ቀኑን ጽፎ ከአጠገቡ 0.8 ብሎ መዘገበ። ጽሕፈቱ የሰውየው አልነበረም፤ ቁጥሩ ግን ያው ነበር።